ለደብረ ብርሃን ምሽት የሚሆን የጓሮ አትክልት፦ ከአበባው በፊት ውርጩን ማሰብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ 6 በ8 ሜትር የሆነ ጓሮ አላቸው። ቀን ሥራ ስለሚውሉ ግቢያቸውን የሚያዩት ከመሸ በኋላ ነው፤ ቡናቸውን ይዘው የሚቀመጡበት፣ በጨለማ የሚታይና የሚያውድ አበባ ያለበት ቦታ ማዘጋጀት ይፈልጋሉ። ከሸዋ ሮቢት ያስመጡት ማታ ብቻ የሚሸት ቁጥቋጦ ኅዳር ላይ ጠቁሮ ሞተባቸው። አፈራቸው ጥቁር መረሬ ነው፤ በስተምሥራቅ የድንጋይ አጥር አለ፤ የሦስት ዓመት ልጅና ሁለት በጎች በግቢው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ምን ልትከል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራትስ ይጠቅመኛል ወይ ብለዋል።

ሰላም ለእርስዎ። ከገለጻዎ እንደምረዳው የሞተው ተክል ሴስትረም ነው፤ ረዘም ያለ ለስላሳ ቅርንጫፍ፣ ቀጫጭን ቢጫማ አረንጓዴ አበባ፣ ቀን ምንም የማይሸት፣ ሲመሽ ግን ጎረቤት ድረስ የሚያውድ። የገደለው በሽታም የውሃ ጥማትም አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ባይሞላም፣ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ልዩነቱ ከ9 ዲግሪ ያልፋል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች መሬት ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ የቆላ ተክል ቅጠል ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ሕዋሱን ያበላሸዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይጠቁራል። ሥሩ ተርፎ ሊሆን ስለሚችል እስከ ሚያዝያ አይንቀሉት ብዬ እመክርዎ ነበር። ነገር ግን ልጅ አለ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስለ ማታ አትክልት በሌላ አገር የተጻፈው ምክር አብዛኛው ሞቃት የበጋ ምሽትን ታሳቢ ያደርጋል። እርስዎ ዘንድ በጋ ማለት ውርጭ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ነገር ፍለጋ አይድከሙ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ውጭ አያስቀምጥም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በርኖስም ብርዱን አይመልሰውም። በእውነት ውጭ የሚቀመጡባቸው ወቅቶች ሁለት ናቸው፦ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ ቀጥሎም ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት። አበባው በእነዚህ ወራት እንዲደርስ ተቆጥሮ ይዘራል፤ በቀሩት ወራት ግቢውን ቅጠል ይይዘዋል።

ሁለተኛው ነገር ሽታ ብርድ አይወድም። የአበባ ሽታ የሚተን ዘይት ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ትነቱ ይቀንሳል። ሞቃት አገር ላይ አሥር ሜትር የሚሄድ ሽታ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለትና ሦስት ሜትር ቢሄድ ነው። እዚህ ያለው ተግባራዊ ትርጉም ቀላል ነው፦ 48 ካሬ ሜትሩን በሙሉ አበባ ለማድረግ አይሞክሩ። መቀመጫውን ወስነው ከሱ በሦስት ሜትር ዙሪያ ያለውን ብቻ በደንብ ይሥሩት።

ቦታውን አጥርዎ መርጦልዎታል። የምሥራቁ አጥር ወደ ግቢው የሚያሳየው ፊት ምዕራብን ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ሁሉ ይጠጣል፣ ድንጋዩም ሙቀቱን እስከ ምሽት ይዞ ይቆያል። በበጋ ከምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስም ይከልላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ውርጭ የመታው ተክል የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ካላረፈበት ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ መቀመጫውም፣ ብርድ የሚፈሩት ተክሎችም ወደዚህ አጥር ይጠጉ።

መቀመጫውን ከማቆምዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ነፋስ በሌለበት ማታ 1 ሰዓት ላይ ማጨሻ አውጥተው ዕጣን ያጭሱና ጭሱ ወዴት እንደሚተኛ ይዩ። ሰማዩ ጥርት ሲል ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ መሬት ለመሬት ወደ ተዳፋቱ ይፈሳል፤ ሜዳ የሚመስል ግቢ እንኳ አቅጣጫ አለው። የሚሸቱት አበቦች ጭሱ በሚመጣበት በኩል ይተከላሉ፣ እርስዎ በሚሄድበት በኩል ይቀመጣሉ። በተቃራኒው ከሆነ ሽታው ሁሉ ለጎረቤት ነው። ያው ጭስ መጨረሻ ላይ የሚጠራቀምበትን ጥግም ልብ ይበሉ፤ ውርጭ የሚተኛው እዚያ ነው። በዚያ ጥግ አጥሩ ድፍን ከሆነ ከታች አንድ ሁለት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ መተው ቀዝቃዛው አየር እንዲወጣ ይረዳል። ብርድ የሚፈራ ተክል እዚያ ከተከሉ ግን ቀዳዳም አያድነውም።

ወደ ቀለም እንምጣ። በጨለማ ዓይናችን የሚሠራው ቀለም በማይለዩ ሕዋሳት ነው፤ እነዚህ ቀይን ፈጽሞ አያዩትም ማለት ይቻላል፣ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላውን ግን አጉልተው ያያሉ። ይህን ለውጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው የቼኩ ሳይንቲስት ፑርኪንየ ነው። ግቢዎ ውስጥ ቀይ ጀራንየም ካለ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዩት፣ ከዚያ 1 ሰዓት ላይ ደግመው ይዩት፤ አበባው ጠፍቶ ቅጠሉ ብቻ ይቀራል። ቀይ፣ ደማቅ ሮዝና ወይን ጠጅ ለማታ ዋጋ የላቸውም። ነጭ፣ ክሬም፣ ፈዛዛ ቢጫና አመድማ ቅጠል ይምረጡ።

ነጭ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ከኋላው ጨለማ ያስፈልገዋል። አጥሩን ኖራ ቀብተው ፊቱ ነጭ አበባ ቢተክሉ ሁለቱ ይዋሃዱና ምንም አይታይም፤ ይህ በጣም የሚደጋገም ጥፋት ነው። ድንጋዩን እንዳለ ይተዉት። አጥር በሌለበት በኩል ጽድ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተክለው በየዓመቱ እየከረከሙ በአንድ ሜትር ተኩል ቁመት ቢይዙት ጥቁር ዳራ ይሆናል፤ ውርጩም አያስጨንቀውም።

አሁን ተክሎቹ።

አንደኛ ጠምበለል። ከሁሉም በፊት ይህን ይትከሉ። የአገራችን የደጋ ሐረግ ነው፣ በአንኮበርና በወፍ ዋሻ ደን ዳር ሌላ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ያገኙታል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ አበባው ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ሮዝ ነካ ያለበት ነው። ችግኝ ሻጭ ‹‹ጃስሚን›› ብሎ ሲሰጥዎ ቅጠሉን ይቁጠሩ፦ ነጠላና ወፍራም ቅጠል ያለው የሞቃት አገሩ ሳምባክ ነው፣ ውርጭ አይችልም። ከደን ነቅሎ ማምጣት ተክሉንም ደኑንም ይጎዳል፤ ቢነቀልም አብዛኛው አይጸድቅም። የሚሻለው ያለው ሰው ግቢ ሄዶ ቅርንጫፍ መቅበር ነው፦ ሰኔ መጀመሪያ ላይ የዓመት ዕድሜ ያለው ሐረግ ጎንበስ አድርገው፣ መሬት በሚነካበት ቦታ ልጡን በቢላ ጫር አድርገው፣ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት። ዝናቡ ሲያበቃ ሥር ይዟል፤ ቆርጠው ይወስዱታል። በቁራጭ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ከጠነከረ ቅርንጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው አሸዋ ላይ ሰክተው በላስቲክ ይሸፍኑ፤ ከአሥር ሁሉም እንደማይበቅሉ ግን ይወቁ።

ሲተክሉት ከአጥሩ ሥር 50 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። አጥሩ ሥር ያለው አፈር ዝናብም አያገኘውም፣ ድንጋዩም እርጥበቱን ይስበዋል። ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ይሁን። አጥሩ ላይ ሽቦ በየ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሦስት መስመር፣ ከድንጋዩ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ይወጥሩ፤ አየር ካልገባበት ቅጠሉን ሻጋታ ይይዘዋል። ለአራት ሜትር አጥር ሁለት ችግኝ ይበቃል። ከሁለተኛው ዓመት በፊት ብዙ አበባ አይጠብቁ። የሚከረከመው አበባው ካለፈ በኋላ ነው፤ ጥቅምት ላይ ከቆረጡት የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ ለውርጭ ቀለብ ይሆናል።

ሁለተኛ የማታ ማቲዮላ። ይህ በጣም ትንሽ፣ ቀን ሲያዩት የተጠወለገ የሚመስል የአንድ ወቅት አበባ ነው። ሰው ያላወቀው እንደሆነ አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል። ሲመሽ ግን ይከፈታል፤ ከመዓዛው ጋር የሚወዳደር ጥቂት ነው። ዋናው ጥሩ ጠባዩ ቅዝቃዜ መውደዱና ቀላል ውርጭ መቻሉ ነው። ዘሩን ደብረ ብርሃን ካጡት አዲስ አበባ የዘር መደብሮች ይጠይቁ። ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይወድም፤ መደቡ ላይ በቀጥታ ይዘራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘር ለሁለት ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ ያልብሱት፤ ሲበቅል በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱት። ከተዘራ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ያብባል። ስለዚህ ለጥቅምት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ለመጋቢትና ሚያዝያ ጥር መጨረሻ ላይ ይዝሩ። የጥሩን ውሃ ማጠጣት የግድ ነው፤ በልግ መጣ ሲባል ቀረ ስለሚሆን በሱ አይተማመኑ። የጎመን ዘመድ ስለሆነ ጎመን የነበረበት ቦታ ላይ አይዝሩት፤ የጎመን ክሽክሽም ይወደዋል። ክሽክሽ ካዩ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፣ በሦስተኛው ቀን ይድገሙ። ቀን ላይ የማያምረውን መልኩን ለመሸፈን ከፊቱ ነጭ አሊሰም ይዝሩ፤ አሊሰም ማር ማር ይሸታል፣ ብርድም ይችላል።

ነጭ ፔቱኒያን ሰው ለመልኩ ይተክለዋል፣ ሽታው ማታ እንደሚበረታ ግን ብዙ አይታወቅም። የተደራረበ ቅጠል ያለውን ሳይሆን ነጠላውን ነጭ ይምረጡ። በማሰሮ ወይም ከሥሩ በተበሳ የቀለም ባልዲ ተክለው መቀመጫው አጠገብ ያኑሩት፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ በረንዳ ሥር ያስገቡታል። ምሽት 1 ሰዓት ግድም አጠገቡ ዝም ብለው ቢቀመጡ፣ አበባው ላይ ሳታርፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ረጅም ምላሷን ወደ ውስጥ የምትሰድ ወፍራም የእሳት ራት ያያሉ። ማታ የሚሸት ነጭ አበባ ሽታውን የሚያወጣው ለሷ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም።

ነጭ ካርኔሽን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ቀንም ማታም። ብርድ አይገድለውም፤ የሚገድለው የረጋ ውሃ ነው። አንገቱ ከአፈር በላይ እንዲቀር አድርገው በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉት፤ አንገቱ ከተቀበረ ክረምት ላይ ይበሰብሳል። ከጎን ከሚወጡት ቀንበጦች 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው አሸዋ ላይ ቢሰኩ በወር ገደማ ሥር ያወጣል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ከገዙ ለሚቀጥለው ዓመት መግዛት አያስፈልግም።

ቀጋን ደግሞ ለዳር አጥር። ነጭ አበባው ብዙ ነው፣ በጨረቃ ከሩቅ ይታያል፣ ውርጭና ድርቅ ይችላል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ሽታው ከማታ ይልቅ ቀን ይበልጣል። እሾኹ ክፉ ስለሆነ ከመተላለፊያ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው 25 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሰኔ ላይ ሁለት ሦስተኛውን ቀብረው ይተዉት።

ኢኖቴራ የሚባለውን ፈዛዛ ቢጫ አበባ ዘር ካገኙ ሁለትና ሦስት እግር ብቻ ያብቅሉ። ሲመሽ እንቡጡ ዓይንዎ እያየ ነው የሚፈታው፤ መጀመሪያ ከጎኑ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ቅጠሎቹ በደቂቃ ውስጥ ይዘረጋሉ። ለልጁ ከዚህ የተሻለ የምሽት ትርኢት የለም። ዘሩን ከመበተኑ በፊት ካልቆረጡት ግን በሁለተኛው ዓመት ግቢውን ይወርሰዋል።

ካላ ሊሊ እርጥበት ለሚይዘው ዝቅተኛ ጥግ ይሆናል። ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ከመሬት በታች ያለው አኩሩ ግን ተመልሶ ያበቅላል። አኩሩን በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ። አይሸትም፤ ለመልኩ ነው።

አበባ ሲጠፋ ግቢውን የሚያቆየው አመድማ ቅጠል ነው፤ በዚህ ረገድ ደጋው የራሱ ሀብት አለው። ጭቁኝ ብርማ ቅጠሉ በጨረቃ ጎልቶ ይታያል፤ የካቲትና ሰኔ ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ካልተቆረጠ ግን ረዝሞ ይጋደማል። ጤና አዳም ሰማያዊ ግራጫ ቅጠሉ በማታ ከብዙ አበባ ይልቅ ይታያል፣ ለቡናውም እጅዎ ሥር ይሆናል። ሲቆርጡት ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ማታ ቢቆርጡትና እጅዎን ቢታጠቡ ይሻላል፣ ልጁም አይጫወትበት። የጥብስ ቅጠል ለመተላለፊያ ዳር ጥሩ ነው፤ ልብስ ሲነካው ይሸታል። ከድንጋይ ንጣፉ መካከል ጦስኝ ይትከሉ። መሬት ላይ ተኝቶ ይስፋፋል፣ ሲረገጥ ያውዳል፣ የመንዝና የጣርማ በር ብርድ የለመደ ስለሆነ የእርስዎን ውርጭ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሥር ያለው ቁራጭ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተክሉ በሁለት ዓመት ይገጥማል። ጥላ ከሆነበት ግን ይሳሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚሸት ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሁን። ጠምበለል፣ ማቲዮላና ፔቱኒያ ሦስቱ በአንድ ሜትር ውስጥ ካበቡ ራስ ያሳምማሉ። ከመቀመጫው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይበቃል።

የማይተከሉትን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ለማታ አትክልት ሁሌ ቀድሞ የሚጠራው መለከት የመሰለ ረጅም አበባ ወደ ታች የሚያንጠለጥለው ብሩግማንሲያ ነው። ሽታው ድንቅ ነው፤ ግን የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉም አበባውም ፍሬውም መርዝ ነው። ሴስትረም እንዲሁ ፍሬው መርዝ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ባለበት ግቢ ሁለቱንም አልመክርም፤ በውርጩ ምክንያት ለሚሰጡት የአጭር ጊዜ አበባ ሲባል ይህን አደጋ መሸከም አያዋጣም። የሴስትረሙ ጉቶ ካቆጠቆጠ ነቅለው ይጣሉት። ካላ ሊሊም ቢታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ልጁ በማይደርስበት ጥግ ይሁን፣ ወይም ሁለት ዓመት ይቆይ።

አፈሩ ከተክል ምርጫው ያላነሰ ይወስናል። መረሬ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከጠቀስኳቸው ውስጥ ከካላ በስተቀር የሚወደው የለም። መፍትሔው የኢነዋሪ ገበሬ ለስንዴው በእጁ እንደሚሠራው ሰፊ መደብና ቦይ ነው። መደቡ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ከፍታው 35 ሳንቲ ሜትር፤ ከጎኑ ያለው ቦይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ ያዘንብል። መረሬን ጭቃ እያለ አይቆፍሩት፤ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሲሆንም አይሆንም። ጥሩው ጊዜ ጥቅምት ወይም የበልግ ዝናብ አንዴ አርሶት ከተመለሰ በኋላ ነው፦ ጨብጠው ሲለቁት የሚፈርስ ከሆነ ይቆፈራል። በካሬ ሜትር 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ሁለት ባልዲ ዓመት የሞላው የበግ ፍግ ያስገቡ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ አረምም ይዘራል።

ብዙ ሰው መረሬን ለማላላት አሸዋ ይጨምራል። ጥቂት አሸዋ ከጭቃ ጋር ሲደባለቅ አያላላውም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። ለውጥ የሚያመጣው የአፈሩን ግማሽ ያህል ሲሆን ነው፣ ይህ ደግሞ ለቤት ግቢ አይታሰብም። ፍግና የበሰበሰ ቅጠል በየዓመቱ መጨመር ይሻላል። ለጦስኝና ለካርኔሽን ብቻ የላይኛውን 10 ሳንቲ ሜትር በግንባታ ቦታ ከሚገኘው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር እኩል በእኩል ያደባልቁ። ዩሪያ ከነሐሴ በኋላ አይንካው፤ የሚያወጣው ለስላሳ ቅጠል ለመጀመሪያው ውርጭ የተዘጋጀ ነው።

ውርጭን ስለ መከላከል። የሚያሰጋው ምሽት ሦስት ምልክት አለው፦ ሰማዩ ደመና የለውም፣ ነፋሱ ቆሟል፣ አየሩ ደረቅ ነው። ቴርሞሜትር ካለዎት ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይስቀሉት፤ መሬት አካባቢ ያለው አየር በቁመትዎ ልክ ካለው በብዙ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ከ5 ዲግሪ በታች ካነበበ ንጋት ላይ ውርጭ ይጠብቁ፤ ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ነው። የዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ አፈሩን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ቅጠሉን ግን አያርጥቡ። ፀሐይ እንደጠለቀች ለጋ ተክሎችን በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍኑ። ሦስት እንጨት ተክለው ከላይ ያልብሱት እንጂ ቅጠሉ ላይ አይጣሉት። ላስቲክ ቅጠል ከነካ የነካበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይቃጠላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይገለጥ። ውርጭ የጠበሰውን ቅርንጫፍ ወዲያው ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ የሞተው የላይኛው ክፍል ለታችኛው ልብስ ነው። የካቲት ላይ አረንጓዴው ከሚጀምርበት ይቆረጣል።

ስለ መብራቱ፦ የገበያው የፀሐይ ኃይል መብራት አብዛኛው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ እንዲህ ያለ መብራት በአንድ ሰከንድ ያጠፋዋል። የእሳት ራቶቹንም ከአበባው ወደ ራሱ ይስባቸዋል። መርገጫ ለማየት ያህል ከፈለጉ 2,700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የሚል ቢጫማ ብርሃን ያለው፣ ከ150 ሉመን ያልበለጠ አንድ ይበቃል። ከጉልበት በታች፣ ወደ መሬት ያየ፣ አምፖሉ ከመቀመጫው የማይታይ ይሁን። አበባ ላይ አያብሩ። የኩሽና መስኮት ብርሃን ፊት ለፊት ከመጣብዎ ደግሞ የትኛውንም መብራት ከመግዛትዎ በፊት ለመስኮቱ መጋረጃ ይስፉ።

ይህን የሚያነቡ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ሰዎች ካሉ ለእነሱ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፍራንጂፓኒ፣ ሳምባክ፣ ትዩበሮዝ፣ ልጅ በሌለበት ግቢ ሴስትረምም ይሆንላቸዋል፤ ማቲዮላና ካርኔሽን ሙቀቱ ያሰንፋቸዋል። የእነሱ የማታ ጠላት ውርጭ ሳይሆን የወባ ትንኝ ናት፤ በማሰሮ ሥር ውሃ የሚያቁር ሳህን አያኑሩ።

የቀሩት በጎችዎ ናቸው። ቀጋና ጭቁኝ በልተው አይጨርሱም፣ ካርኔሽንና አሊሰም ግን በአንድ ሌሊት ያልቃል። በጎቹ በሚያድሩበት በኩል ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ቁጥቋጦ በአንድ ሜትር ርቀት በአንድ ረድፍ ይትከሉ። ዘሩ ቆዳው ጠንካራ ነው፤ የፈላ ውሃ አፍስሰውበት እስኪቀዘቅዝ ትተው አድረው ካልዘሩት ወራት ይፈጃል። ውሃ የሚያቁር ቦታ ስለማይወድ እሱም መደብ ላይ ይሁን። አበባው ነጭ ነው፣ ነፋሱን ያበርዳል፣ ክርክሙ መኖ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን እሱም ራሱ ለጋ ስለሆነ በአንድ ሜትር ከሃያ ከፍታ በአጠና ማጠር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ባነሰ በግ አንገቷን አስረዝማ ጫፉን ትቀነጥበዋለች፣ ጫፉ የተቀነጠበ ችግኝ ደግሞ የዓመት ዕድገቱን ያጣል።